ለሁለት የማይሰበር እርሳስ

መሣሪያ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ዘመን የቆየ ነው። ማጭድ እህል ያጭዳል፤ ማጭድ ሰው ያቆስላል፤ ተጠያቂው እጅ እንጂ ብረቱ አይደለም ይባላል። አስተሳሰቡን ስሕተት ነው ለማለት ባይቻልም ጎደሎነቱ አያጠራጥርም። መሣሪያ ለእጅ ዝም ብሎ አይታዘዝም፤ እጅ ሊያደርግ የሚችለውንና የማይችለውንም በከፊል አስቀድሞ ይወስናል። ይህን ለመመርመር ትልቅ ፋብሪካ መጎብኘት አያስፈልግም። አንድ ተማሪ በኪሱ ይዞት የሚሄደው እርሳስ ይበቃል።

በድሬዳዋ ከተማ፣ ከደቻቱ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚጎርፉ ልጆች የሚይዙት እርሳስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው የእንጨት እርሳስ ነው። ሁለተኛው ጭራውን ሲጫኑት ቀጭን ጥቁር ዘንግ በመጠን በመጠን የሚገፋ፣ መቅረጫ የማያሻው፣ ባለሞላው እርሳስ ነው። የባሕር ማዶ ሸቀጥ በጅቡቲ በኩል ሲገባባት በኖረችው በዚህች ከተማ ባለሞላው እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና ሁለቱ እርሳሶች በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አብሯቸው ይቀመጣል።

ልጅ በበዛበት፣ ገንዘብ ባነሰበት ቤት አንድ እርሳስ ለሁለት ይቆረጣል። በአገራችን ያስተማረ መምህር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እናት እርሳሱን በቢላዋ ከወገቡ ትቆርጥና ግማሹን ለታላቅየው፣ ግማሹን ለታናሽየዋ ትሰጣለች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ግማሽ ማጭድ ማጭድ አይደለም፤ ግማሽ ዶማ መሬት አይቆፍርም፤ ግማሽ እርሳስ ግን ሙሉ እርሳስ ነው። ጉማጁ የሚጽፈው ፊደል ከሙሉው ፊደል አያንስም። እንጨቱ እርሳስ በዚህ ጠባዩ ከመሣሪያ ይልቅ ለእንጀራ ይቀርባል፤ ይቆረሳል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ትምህርቱ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች እስኪሰጥ በደረሰበት ወቅት፣ ከሞፈርና ከመዘውር በቀር ሌላ ያልጨበጠ ብዙ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው ይህንኑ ርካሽ እንጨት ይዞ ነው።

ባለሞላው ግን አይቆረስም። ከወገቡ ቢሰበር ሁለት እርሳስ ሳይሆን ሁለት ስብርባሪ ይሆናል።

ይህ ማለት ባለሞላው የተናቀ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ድሬዳዋ ከማንም በፊት ልታከብረው የሚገባ ዕቃ ነው። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ናት፤ ልጆቿ ሲያድጉ የሰሙት የባቡር ጋራዡን የብረት ድምፅ ነው። በዚያ ጋራዥ የሠራ የቶርኖ ባለሙያ ባለሞላውን እርሳስ ፈትቶ ቢመለከት የገዛ ማሽኑን ያገኘዋል። ጫፉ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ዘንጉን ግጥም አድርገው ነክሰው ይይዛሉ፤ ጭራው ሲጫን ጥርሶቹ ወደፊት ሄደው ይከፈታሉ፤ ሞላው መልሶ ይስባቸዋል፤ ሲመለሱም እንደገና ይነክሳሉ። ቶርኖ የሚገራውን ብረት ነክሶ የሚይዘው በዚሁ ዘዴ ነው። መምህሩ ሲያስተምር ከዴስክ ሥር እርሳሱን ፈታትቶ ሞላውን ወደ ጣሪያ የሚያስፈናጥር ተማሪ ሁልጊዜ ትምህርት አልተከታተለም ሊባል አይገባውም።

የመሣሪያው ታሪክም የሚያስተምር ነው። ዘንጉን ወደፊት የሚገፋ እርሳስ እ.ኤ.አ. በ1822 ለንደን ላይ በሳምፕሰን ሞርዳንና በጆን አይዛክ ሆውኪንስ ስም ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ለብዙ ሰው የሚሆነውን ጠንካራ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1915 የሠራው ሃያካዋ ቶኩጂ የተባለ የቶኪዮ ብረት ሠራተኛ ነው። ሃያካዋ በድኽነት ምክንያት የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ገና በልጅነቱ በአንድ የብረት ባለሙያ ዘንድ በተለማማጅነት የገባ ሰው ነበር። የተማሪ ሁሉ ምኞት የሆነውን መጻፊያ የፈጠረው የተማሪነት ዕድሉን የተነፈገ ልጅ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ታላቁ የመሬት መናወጥ ባለቤቱንና ልጆቹን ገደለበት፤ ፋብሪካውን አወደመበት፤ የእርሳሱንም መብት ለዕዳ አሳልፎ ሰጠ። ወደ ኦሳካ ሄዶ የሬዲዮ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሻርፕ በመባል የሚታወቀው ድርጅት ስሙን የወረሰው ከዚያው እርሳስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ባለሞላው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ጥያቄው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚገባው የመስጠት ልማድ ምን ዓይነት ነው የሚል ነው። ባለሞላውን የያዘ ልጅ ስስታም ነው ለማለት አይቻልም። በትንሿ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ያህል ዘንጎች ይኖሩታል፤ ጓደኛው ሲጠይቀው አንዱን መዝዞ ይሰጠዋል፤ ሳይቆጭ ይሰጠዋል። ነገር ግን ያንን ዘንግ ሊቀበል የሚችለው ማን ነው? ቀፎው ያለው ብቻ ነው። ቀፎ ለሌለው ልጅ ቀጭኗ ዘንግ በጣቱ መካከል የምትሰባበር ጥቁር ክር ናት። ስለዚህ ልግስናው ባላቸው ሰዎች መካከል ሲዘዋወር ይኖራል፤ ምንም የሌለው ዘንድ ለመድረስ መንገድ የለውም። ጉማጅ እርሳስ የሚሰጥ ልጅ ግን ለተቀባዩ ሙሉውን የመጻፍ ችሎታ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ አስቀድሞ አንዳች ነገር እንዲኖረው አይጠይቅም። በሁለቱ ልጆች ልብ ውስጥ ያለው ቸርነት እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የመጣው ከመሣሪያው ነው።

አንድ መምህር ይህን ተመልክቶ ባለሞላውን ከክፍሉ ቢያግድስ? ሐሳቡ ቅን ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ሁሉንም በእጦት ማስተካከል ነው። ከዚያም በላይ ትክክለኛውን በደል ሳያየው ያልፋል። ትክክለኛው በደል ያለው ለደብተር ንጽሕና በሚሰጠው ማርክ ውስጥ ነው። የባለሞላው ዘንግ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ግማሽ ሚሊሜትር ሆኖ ይቆያል። የእንጨቱ ጫፍ ግን እየጻፈ ይደነዝዛል፤ መቅረጫ የሌለው ልጅ በምላጭ ይቀርጸዋል፤ ሲቀርጽ ይሰበርበታል፤ ፊደሉ አንዴ ይቀጥናል አንዴ ይወፍራል። መምህሩ የመጀመሪያውን ደብተር አይቶ “እጅግ ንጹሕ” ብሎ ሲጽፍ ያመሰገነው የልጁን ትጋት ሳይሆን የአባቱን ኪስ ሊሆን ይችላል። (የድሬዳዋ ሙቀት ግን አንዳንድ ጊዜ ፍርዱን ያስተካክላል፤ በላብ የራሰ ወረቀት ላይ ቀጭኑ ዘንግ ወረቀቱን ይበሳል፤ ደንዛዛው ጉማጅ ሳይጎዳው ያልፋል።)

በወረቀት የሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተናም እንዲህ ያለ ያልታሰበ ፍርድ አለው። የመልስ መስጫው ወረቀት በማሽን የሚነበብ በመሆኑ ተፈታኙ የመረጠውን ፊደል በእርሳስ ማጥቆር አለበት። ያን ጊዜ የባለሞላው ቅጥነት ሸክም ይሆናል፤ አንዷን ክብ ለመሙላት ደጋግሞ መፋቅ ይጠይቃል፤ ዘንጉም ይሰበራል። ዓመቱን ሙሉ የተናቀው ለስላሳ ጉማጅ ግን በሁለት በሦስት ጭረት ያጠቁረዋል። ማሽኑ ስለ እጅ ጽሕፈት ውበት ምንም ደንታ የለውም፤ ጥቁር ነውን አይደለም ብቻ ይላል።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ቋንቋችንም በዚህ ዕቃ ላይ ተሳስቷል። “እርሳስ” ያልነው በውስጡ ምንም እርሳስ የለበትም። ጥቁሩ ማዕድን የካርቦን ዓይነት መሆኑን ሼሌ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1779 አሳይቷል፤ ከዚያ በፊት አውሮፓውያንም እርሳስ ይመስላቸው ነበር። “ላጲስ” ደግሞ ይብሳል። በኢጣሊያንኛ ላጲስ ማለት እርሳስ ማለት ነው፤ እኛ ግን የሚጽፈውን ስም ለሚያጠፋው ሰጠነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ አንድ ክፍለ ጊዜ በደስታ ያልፋል።

ወደ ዴስኩ እንመለስ። መሐል ትምህርት ላይ የባለሞላው ባለቤት ዘንጉ አለቀበት እንበል። ብልቃጡን ቤት ረስቶታል። ጭራውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ከጫፉ የሚወጣ ነገር የለም። መምህሩ ቦርዱን ሊያጠፋ ዳስተሩን አንሥቷል። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ባለሞላ የያዘ ልጅ ቢፈልግ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከወዲያኛው ጥግ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ልጅ የያዘው ከጣቱ ብዙም የማትረዝም ጉማጅ ናት። ያ ልጅ አንዴ ጓደኛውን፣ አንዴ ቦርዱን ያያል። ከዚያም ምላጩን ከደብተሩ መሐል አውጥቶ የጉማጇን ወገብ ዙሪያዋን ይከረክማታል፤ በሁለት አውራ ጣቶቹም ይዞ ይሰብራታል።