ሮኬቱስ በረረ፣ አገሩስ?

ጆአና ሐጂቶማስና ኻሊል ጆሬጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሊባኖስ የሮኬት ማኅበር የሠሩት ዘጋቢ ፊልም የሚያልቀው በካርቱን ነው፤ የሕዋ ፕሮግራሙ ባይቋረጥ ኖሮ አገሪቱ በ2025 ምን ትመስል እንደነበር ያሳያል። አብሮን ያየ አንድ መሐንዲስ «መጨረሻው ለስላሳ ነው፣ ተረት ነው» ብሎ አጣጣለው። ነገሩ ከነከነኝ።

ሮኬቱ ተረት አይደለማ! በቤይሩት ሃይጋዚያን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ወጣቱ ማኑግ ማኑጊያን በ1960 ከተማሪዎቹ ጋር የጀመረው ሙከራ፣ በ1963 በአርዘ ሊባኖስ የተሰየመችውን አራተኛ ሮኬት ወደ 145 ኪሎ ሜትር ከፍታ አድርሷል። መንግሥትም ቴምብር አተመላት። ፊዚክሱ ያስኬዳል። የማያስኬደው በ1975 ጦርነት ያልገባባት ቤይሩት ናት። መሐንዲሱ ሳይታወቀው የፈረደው በፖለቲካው ላይ ነው።

ማኑጊያንን በልጅነቱ የማረከው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ዡል ቬርን፣ ሌላውን ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስን የከሰሰው እኔ በፊዚክስ እሠራለሁ፣ እሱ ስበትን የሚሽር ብረት ይፈጥራል በሚል ነበር። በመድፍ ወደ ጨረቃ የተተኮሱት የቬርን ተጓዦች ግን ከመድፉ አፈሙዝ ሳይወጡ ተጨፍልቀው ባለቁ ነበር። እንግዲህ የቬርንን ልብ ወለድ ከ«ለስላሳው» ለይቶ «ጠንካራ» ያሰኘው ትክክል መሆኑ ሳይሆን፣ አስልቶ ለመረታት መዘጋጀቱ ነው። ታዲያ ፖለቲካውስ ለምን እንዲህ አይሰላም?

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም፦ ስበት በድምፅ ብልጫ አይሻርም፣ ሕግ ግን ይሻራል። ይሻራል? የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያውቃቸውም። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ የተሻለ የሥራ ውል አወጣ፤ በወሩ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ አገደው። እሑድ ቤይሩት አጠገብ ዶራ የሚገናኙትን የቤት ሠራተኛ እህቶቻችንን ጠይቁ፤ ለእነሱ ከፋላ፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ሥርዓት፣ ከስበት ያልተናነሰ ክብደት አለው።

ሆኖም ተቃዋሚው ሌላ መልስ አለው፣ ይኼኛው ደግሞ ያመኛል፦ ሕግን እንደ ተፈጥሮ ጠንካራ ነው ማለት ላወጡት ሰዎች ውለታ መዋል ነው። ስበትን ማንም አልፈረመበትም፤ ከፋላን ግን የሚፈርሙበት፣ የሚጠቀሙበት አሉ። እንዲያውም አንዳንዷ ሠራተኛ በሩን ከፍታ ትወጣለች፤ ከስበት እንዲህ የወጣ የለም።

ስለዚህ ሐሳቤን ላጥብበው። ጥንካሬው በሕጉ ውስጥ ሳይሆን ደራሲው ሕጉን ሲያነሳ ሒሳቡን በማሳየቱ ላይ ነው። እህታችንን በ2060 ነፃ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የሮኬቱን ነዳጅ ባያሰላ ግድ የለኝም፤ ፓስፖርቷን ከማዳሟ መሳቢያ ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደከሰረበት ግን ይንገረኝ። ካርቱኑ ይህን አይነግረንም፤ እስከዚህ ድረስ መሐንዲሱ እውነት አለው። ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ ከአንድ ደራሲ ስጠይቅ ልብ ወለዱን የጉዳይ ማመልከቻ አደርግበት ይሆን? ካርቱኑን ስመለከት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ ደስታ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ገና አላወቅሁም።