ሲለያዩም በኢሕሳን

 

ስለ ኒካሕ ብዙ ሰምተናል። ባል እንዴት ይመረጣል፣ ሚስት ምን ሐቅ አላት፣ መህር ስንት ይሁን፣ ይህ ሁሉ በየደርሱ እየተነገረን አድገናል። ስለ መለያየት ሲሆን ግን ዝም ይባላል። ዝም ስለተባለም ብዙ ወጣት ጦላቅን የሚያውቀው በጸብ መልኩ ብቻ ነው፦ በር ሲወረወር፣ ቃሉ በስልክ ሲላክ፣ ሽማግሌ ሲሯሯጥ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላው መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው መኖር እንዳልቻሉ አይተው፣ ተመካክረውና ተስማምተው ስለሚለያዩበት።

ሱረቱል በቀራ 229ኛው አንቀጽ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አላህ (ሱ.ወ) ለባል የከፈተው ሁለት በር ነው፤ ወይ በመዕሩፍ መያዝ፣ ወይ በኢሕሳን ማሰናበት። ለመያዝ የተጠየቀው መዕሩፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ተገቢ ብሎ የሚያውቀው አያያዝ። ለመልቀቅ የተጠየቀው ግን ኢሕሳን ነው፤ ከተገቢው ከፍ ያለ መልካምነት። እኛ ገልብጠነዋል። ሲጋቡ በሬ እናርዳለን፣ ሲለያዩ ብርድ ልብስና ድስት እንቆጥራለን።

ሦስተኛ በር የለም። ሆኖም በየመንደራችን ብዙ ሰው የሚኖረው በዚያ በሌለው በር ውስጥ ነው። አዘዞን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጎንደር ወርዶ መንገዱ እዚያ ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ። ወንዱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ድንበር ይሻገራል። ሴቷ ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ትሄዳለች። ርቀቱ ትዳሩን ያደክመዋል፤ መጀመሪያ ስልኩ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። አልፈታትም፣ አልያዛትምም። ሱረቱ ኒሳእ 129 ላይ አላህ ሚስትን እንደተንጠለጠለች አድርጎ መተውን ይከለክላል። አንቀጹ የሚናገረው ከአንድ በላይ ሚስት ስላለው ሰው ነው፤ ነገር ግን አንዲት ብቻ ያለችውስ ያቺኑ አንዷን ቢያንጠለጥል ምን ይለየዋል?

እንግዲህ ሴቷ መቀጠል ካልቻለች መንገዷ ምንድን ነው? ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን አስታውሱ። የሣቢት ኢብኑ ቀይስ ሚስት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። ባሏን አልከሰሰችም። በዲኑም በጸባዩም እንከን እንዳላገኘችበት ተናገረች፤ የፈራችው አብራው ብትቆይ ሐቁን መወጣት አቅቷት በደል ውስጥ መግባትን ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿትም፣ ምስክርም አልጠየቋትም። መህር ሆኖ የተሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሺ አለች። ሣቢትንም ቦታውን ተቀብሎ አንድ ጊዜ እንዲፈታት አዘዙት። ኹልዕ የምንለው ይህ ነው። ሁለቱም ወገን አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ዕዳ ይቅር ተባብለው የሚለያዩበት ደግሞ አለ፤ ዑለማዎች ሙባረአ ይሉታል። ሰው ስም ሳያጠፋ መውጣት እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኛ ዘንድ ግን የምትወጣ ሴት ባሏን ሰካራም ወይ አመንዝራ ካላለች ማንም አይሰማትም። ስለዚህ ትላለች። እሱም መልሶ ይላል። ያኔ የሁለት ቤተሰብ ክብር አብሮ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፣ ስሙን እንጥራው። ወንድየው መፍታት ፈልጓል፤ ግን እሱ ከፈታ መህሯን ሊያጣ ነው። ስለዚህ ቤቱን ሲኦል ያደርግባታል፤ ቀለብ ይቆርጣል፣ ያኮርፋል፣ ይሰድባል፤ ራሷ መጥታ ተውኩልህ፣ ልቀቀኝ እስክትል ይጠብቃል። ከዚያ «በስምምነት ተለያየን» ብሎ በአደባባይ ይናገራል። ወላሂ ይህ ስምምነት አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ 19 የሰጣችኋቸውን ለመንጠቅ ስትሉ አታጨናንቋቸው የሚል ግልጽ ክልከላ አለው፤ ቀጣዩም አንቀጽ የሰጠኸው የወርቅ ክምር እንኳ ቢሆን ምንም አትውሰድ ይላል። እኅቶችም ያለ በቂ ምክንያት ፍቺ መጠየቅ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዳለበት እወቁ። ግን እውነቱን እንናገር፤ በእኛ አካባቢ የሚበዛው የፊተኛው ነው።

የሽማግሌ ነገርም አለ። ሱረቱ ኒሳእ 35 ከእሱም ከእሷም ቤተሰብ አንዳንድ ሸምጋይ እንዲላክ ያዛል፤ ሽምግልና የዲን ሥራ ነው። ዳሩ ግን የእኛ ሽማግሌዎች አንዳንዴ እንደ ሸምጋይ ሳይሆን እንደ ዳኛ ይቀመጣሉ። ለዚህ የበሪራን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ነፃ ስትወጣ ከባሏ ከሙጊስ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፣ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው በጢሙ ላይ እየፈሰሰ በመዲና ጎዳና ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለት፤ ብትመለሺለት ምናለ አሏት። ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። እያማለዱ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እሷም እንደማትፈልገው ተናገረች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። የአላህ መልእክተኛ ያማለዱትን እንቢ ያለች ሴት ካልተወገዘች፣ የሰፈር ሽማግሌ «አሳፈርሽን» የሚለው በምን ሥልጣኑ ነው?

ወደ ንብረት እንምጣ፤ ስምምነት የሚሰበረው እዚህ ነውና። እሷ ዓመታት በዐረብ አገር ሠርታ ብር ልካለች፤ እሱ በዚያ ብር አዘዞ ላይ ቤት ሠርቶ ካርታውን በስሙ አውጥቷል። ሲለያዩ «ቤቱ የኔ ነው» ይላል። ሴት በላቧ ያገኘችው የራሷ ድርሻ መሆኑን ሱረቱ ኒሳእ 32 ተናግሯል፤ ለቀለብ ብላ ካልሰጠች ወይም በስጦታ ካልለቀቀች ለባል ሐላል የሚያደርገው ነገር የለም። ወንድሜ፣ እሷ ያዋጣችበት ቤት ውስጥ እየሰገድክ ሐቋን መካድ ቀላል ነገር አይደለም።

የአገሪቱ ሕግም ለዚህ መንገድ ቦታ አለው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በግድ አይገቡበትም፣ የሁለታችሁንም ፈቃድ ይፈልጋል። በመደበኛው ፍርድ ቤት ለምትሄዱም የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በስምምነት መፋታትን ደንግጓል፤ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ያውቀዋል። በፌዴራሉ ሕግ ባልና ሚስት የፍቺውን ስምምነትና የንብረቱን፣ የልጆቹን ጉዳይ ጽፈው ያቀርባሉ፤ ምክንያታቸውን ለመናገር አይገደዱም። ዳኛው ያነጋግራቸዋል፣ እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ሳነብ ዒዳ ትዝ አለኝ፤ ሱረቱ ጦላቅ መጀመሪያው ላይ ሚስትን ከቤቷ አታውጧት፣ ምናልባት አላህ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ያመጣ ይሆናል ይላልና። እኛ ግን ቃሉ በወጣ ማግሥት ሻንጣዋን አስይዘን ወደ እናቷ ቤት እንልካታለን። (ይህ የሚመለሱበት ጦላቅ ላይ ነው። በኹልዕ ከሆነ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ መመለስ ቢፈልጉ አዲስ ኒካሕና አዲስ መህር ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን ከሸይኻችሁ ጠይቁ።)

ደግሞ በቃል ብቻ አትለያዩ። በሸይኽ ፊት ተለያይተው ወረቀት ሳይዙ የቀሩ ብዙ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ እኅታችን ሌላ ኒካሕ ስታስብ ቀበሌ ገና ባለትዳር ነሽ ይላታል። ፍቺ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከሚመዘገቡት ወሳኝ ኩነቶች አንዱ ነው።

ስምምነቱን ስትጽፉ ከልጆቹ ጀምሩ። ማን ጋር ያድራሉ፣ አባት በየወሩ ስንት ይሰጣል፣ ዒድን ከማን ጋር ያሳልፋሉ። ሱረቱል በቀራ 233 እናት በልጇ ምክንያት አትጎዳ፣ አባትም አይጎዳ ይላል፤ ጡት ማስጣልን እንኳ በሁለቱ ውዴታና ምክክር አድርጎታል። ጡት ማስጣል ይህን ያህል ከተመከረበት፣ የልጁ ትምህርት ቤትማ እንዴት ይሆናል? ልጅቷ አድጋ ኒካሕ ሲታሰርላት ወሊዋ ያው አባቷ ነው። እሱ ሳሎን ከሸይኹ ጎን ይቀመጣል፤ እናቷም ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ወላሁ አዕለም።