ለማን ነው የታጠረው?



ባለፈው ጁምዓ ደባርቅ ከሰላት በኋላ ከአንድ አባት ጋር ወደ ሰፈራቸው እየሄድን ነበር። ከግጭ የመጡ ሰው ናቸው። ድሮ መንገዱ በአንድ ባዶ ቦታ መሀል ያቋርጥ ነበር። አሁን ቦታው በቆርቆሮ ስለታጠረ ዙሪያውን መሄድ ግድ ነው። ከዘራቸውን ወደ አጥሩ ቀስረው እንዲህ አሉኝ፦ «ኡስታዝ፣ እኛ አገራችንን የለቀቅነው ለዋልያ ነው። ይሁን፣ ዋልያም የአላህ ፍጡር ነው። ይሄ ግን ለማን ነው የታጠረው? ሰው አይኖርበት፣ ከብት አይግጥበት፣ ገብስ አይበቅልበት!»

ዝም አልኩ። መልስ ጠፍቶኝ አልነበረም። ቦታው የኔ ነው። እሳቸው ይህን አያውቁም።

ግጭን ለማታውቁ፦ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ የገብስና የበግ መንደር ናት። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው ሲመናመን፣ እርሻውና ግጦሹ ሲሰፋ፣ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በፓርኩ ላይ ያለው የሰውና የከብት ጫና እንዲቀንስ ተጠየቀ። በ2008 ዓ.ም ገደማ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳና የከተማ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ፓርኩ እፎይ አለ። ገበሬው ግን በአንድ ጊዜ ከተሜ ሆነ። በግ የሚያሰማራበት ሜዳ የለውም፣ ካሳው ቤት ሲሠሩበት ያልቃል፣ እጁ የሚያውቀው ሥራ ማረሻና ጅራፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቀኑ በታጠረ ባዶ ቦታ አጠገብ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው እስቲ አስቡት።

ነገሩ የግጭ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገዱን ይዛችሁ ስትመጡ፣ ከተሞቹ ወደ እርሻው እየገፉ እንደሆነ ታያላችሁ። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ቦታ ፈላጊው በዝቷል። ለማስፋፊያ ሲባል የከተማ ዳር ገበሬ ማሳውን ይለቃል። ማሳው ይሸነሸናል፣ ካርታ ይወጣለታል፣ ይታጠራል። ከዚያስ? ከፊሉ ቤት ይሆናል፤ ከፊሉ ለዓመታት ሳርና ቆሻሻ ያበቅላል።

ሕጉ ይህን ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታ የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ጊዜ ይወስናል፤ ካልጀመረ ቦታው እንዲመለስ ያዛል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰውም ከጭማሪው ዋጋ አብዛኛውን እንዳያገኝ ይከለክላል። ጠላቱን ለይቷል ማለት ነው፦ ቦታን ይዞ ዋጋ መጠበቅ። እኛ ግን መውጫውን እናውቃለን። ሁለት ረድፍ ብሎኬት እንደረድርና «ተጀምሯል» እናስብላለን።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። መሬቱ የማይሸጥ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ብር የሚከፈለው ለምንድን ነው? የኔ ቦታ ዋጋ ሲጨምር የጨመረው በኔ ላብ አልነበረም። መንገዱ ገባ፣ መብራቱ ተዘረጋ፣ ጎረቤቶቼ ጭቃ እየረገጡ ቤት ሠርተው ሰፈሩን ሰፈር አደረጉት። እኔ ያደረግሁት ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነው። የእነሱን ድካም አጥር ውስጥ ተቀምጬ እያተረፍኩበት ነበር።

ዲናችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሞተ መሬትን ሕያው ያደረገ ሰው ባለመብት እንደሚሆን አስተምረዋል። መብቱ የመጣው ከማልማቱ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ድንጋይ ደርድሮ መሬት የከለለ ሰው ሦስት ዓመት ካላለማው መብቱ እንደሚያበቃ መወሰናቸው ተዘግቧል። ቢላል ኢብኑል ሓሪስ አል ሙዘኒይ የሚባሉ ሶሓባ ነበሩ፤ ሰፊ መሬት የሰጧቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ናቸው። ዑመር ግን ማልማት የምትችለውን ያዝ፣ የማትችለውን መልስ አሏቸው፤ ትርፉንም ለሌሎች ሙስሊሞች አከፋፈሉት። ከነቢዩ እጅ የተሰጠ መሬት እንዲህ ከተጠየቀ፣ የኔ ካርታ ምን ያህል ይከላከልልኛል?

ተጠንቀቁ! ይህ ሌሊት ተነስቶ ጨረቃ ቤት ለመሥራት ፈቃድ አይደለም። ኢማም አቡ ሐኒፋ የሞተ መሬትን ለማልማት እንኳ የመሪው ፈቃድ ያስፈልጋል ብለዋል። የሰውን መሬት ስንዝር በግፍ የወሰደ የቂያማ ዕለት ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ።

ደግሞም ባዶ ቦታ ያለው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ከደሞዟ ቆጥባ በማኅበር ቦታ ያገኘች መምህርት፣ ሲሚንቶና ብረት ዋጋው ሲሰቀል መሠረት ማውጣት አቅቷት ሊሆን ይችላል። ቀነ ገደቡ እሷን ቀድሞ ይይዛታል፤ ገንዘብ ያለው በሁለት ረድፍ ብሎኬት ያልፈዋል። ፍትሕ የሚፈልግ አስተዳደር እነዚህን ሁለት ሰዎች መለየት አለበት። እኛ ግን ከአስተዳደሩ በፊት ራሳችንን መለየት እንችላለን፤ ኒያችንን እናውቃለና። አቅም አጥቼ ነው ወይስ ዋጋ እየጠበቅሁ?

ለሚያስተዳድሩትም ሱናው ቃል አለው። የመዲናው መስጂድ የተሠራበት ቦታ ተምር የሚደርቅበት ክፍት ሜዳ ነበር፤ ባለቤቶቹም ሁለት የቲሞች፣ ሰህልና ሱሀይል። ልጆቹ በነፃ እንስጥ ቢሉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይገዙት አልወሰዱትም። ለመስጂድ እንኳ የደካማ ሐቅ አልተዘለለም። እንግዲህ ማሳ ከገበሬ ሲወሰድ ካሳው የሚያኖረው መሆን አለበት። ለልማት ተብሎ የተለቀቀ መሬትም ልማት ሳያይ አጥር ውስጥ ከከረመ፣ ገበሬው ሁለት ጊዜ ተበድሏል፤ መሬቱን አጥቷል፣ ያጣበትንም ምክንያት አጥቷል።

ወደ ራሴ ልመለስ። ቦታውን ከያዝኩ አራት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በእውነት ገንዘብ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ደላላ በየጊዜው እየደወለ አዲስ ዋጋ ሲነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ማክሰኞ ዕለት እኚያ አባት ቤት ሄጄ «የጠየቁኝ ቦታ የኔ ነው» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ «ታዲያ ገብሱን መች እንዝራ?» ብለው ሳቁ። በሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል፤ ግንባታ እስክጀምር ድንችና ገብስ ያበቅሉበታል። በስተዳር በኩል ቆርቆሮውን አንስቼ የመድረሳ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ከፍቻለሁ። በቃሌ ካልቆምኩና በዓመት ውስጥ መሠረት ካላወጣሁ፣ ለሚሠራበት እንዲመለስ ወስኛለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ ምስክር እንድትሆኑብኝ ነው።

እናንተም ዛሬ ከሰላት በኋላ እነዚህን አስቡ። ለመሸጥ ብላችሁ የያዛችሁት ቦታ ካለ፣ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ዋጋው በየዓመቱ ዘካ ሊወጣበት ይገባል፤ አጠገባችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ። መሥራት ካልቻላችሁ በጽሑፍ ተዋውላችሁ ለጎረቤት አውሱ። ቤተሰብ «በስምህ ሌላ ቦታ እናውጣ» ሲል፣ በሐሰት የሚወጣ ካርታ የሌላ ሰው ቤት እንደሆነ ንገሩ። የሰፈራችሁን ቆርቆሮ አጥር ስታልፉም የእኚያን አባት ጥያቄ ጠይቁ። አጥሩ የእናንተ ከሆነ ደግሞ መልሱን ለአላህ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ በእጃችን ያለውን አማና የምንወጣ ያድርገን። አገሩን የለቀቀውን ሁሉ በተሻለ ይካሰው። አሚን!

ጁምዓ ሙባረክ!