ስለ ጉድለትና ስለ ነገ፦ የእግር ኳስ ደጋፊ ፍርድ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በካማሺም ሆነ በአሶሳ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ደጋፊ፣ የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች እንዲያስፈርሙ የሚፈቀድላቸው የተወሰነ ጊዜ፣ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው «አጥቂ ያስፈልገናል» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «እገሌን እናስፈርማለን» የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ስለ ጉድለት የሚሰጥ ፍርድ፣ ሁለተኛው ስለ ነገ የሚነገር ትንቢት በመሆኑ የእውነት መለኪያቸው ይለያያል።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል ጉድለትን ከተራ አለመኖር ለይቶ አስረድቷል፤ በእርሱ አረዳድ ጉድለት ማለት አንድ ነገር በተፈጥሮው ሊኖረው የሚገባውን ማጣቱ ነው። በዚህም መሠረት ድንጋይ ስለማያይ ዕውር አይባልም፤ ማየት የሚገባው ፍጥረት ሳያይ ሲቀር ግን ዕውር ይባላል። ከዚህ የሚከተለው፣ ጉድለትን የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የምሉዑን መልክ በልቡናው መያዝ እንዳለበት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ደጋፊዎች ቡድናቸው ምን እንደጎደለው ሲከራከሩ፣ በእርግጥ የሚከራከሩት ምሉዕ ቡድን ምን እንደሆነ ነው።

አርሰናል ለዚህ ማሳያ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሊጉን በተከታታይ ሁለተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ፣ ከደጋፊዎቹ ከፊሉ የጎደለው ዘጠኝ ቁጥር፣ ማለትም ዋና ሥራው ጎል ማስቆጠር የሆነ የፊት አጥቂ፣ ነው ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ በተጫዋቹ በካይ ሃቨርትዝ ዙሪያ የተሠራው ጨዋታ ለሌሎቹ ቦታ ስለሚከፍት ችግሩ ሌላ ነው ይል ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አጥቂው ቪክቶር ዮኬሬስ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ሲመጣ፣ አጥቂ ይፈረማል ይል የነበረው የአንደኛው ወገን ትንቢት ሠመረ፤ ክርክሩ ግን በዚያ አልተፈታም፤ የአንድ ተጫዋች መፈረም የክለቡን ውሳኔ ያሳያል እንጂ የውሳኔውን ትክክለኛነት አያረጋግጥምና።

ጉድለት መኖሩም መሞላቱን አያረጋግጥም። በአሜሪካ ፉትቦል እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሚካሄደው ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በውጤት የመጨረሻው ቡድን ቀድሞ ስለሚመርጥ ድክመት ራሱ መብት ይሆናል፤ በእግር ኳስ ዝውውር ግን ገንዘብ የሌለው ጉድለት ምንም መብት የለውም።

የነገው ነገር ገና ያልተወሰነ መሆኑን አሪስቶትል በባሕር ውጊያ ምሳሌ መርምሮታል፤ ውጊያው ነገ ወይ ይደረጋል ወይ አይደረግም ማለት የግድ እውነት ቢሆንም፣ ከሁለቱ አንዱን ነጥሎ የግድ ነው ማለት ግን አይቻልም። በክልሉ ብዙ ተከታዮች ያሏቸው እስልምናና ክርስትናም፣ አንደኛው በቁርኣን አል-ከህፍ ምዕራፍ፣ ሌላው በያዕቆብ መልእክት፣ ስለ ነገ የሚናገር ሰው ንግግሩን ከፈጣሪ ፈቃድ ጋር እንዲያያይዝ ያስተምራሉ። ሆኖም «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለው ቃል የሚገድበው ትንቢቱን ነው፤ ቡድኑ ምን ይጎድለዋል ለሚለው ፍርድ ግን ደጋፊው ራሱ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

የካማሺ ደጋፊ ገንዘቡም ሆነ ውሳኔው በእጁ ባይሆንም፣ የፍርድ እውነት በፈራጁ ሥልጣን አይለካምና ይህ ፍርዱን ከንቱ አያደርገውም። ፍርዱን የሚያበላሸው ምኞት ነው፤ ምኞት ጉድለትን ያጋንናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይሸፍናል። ስለዚህ ደጋፊው የተቀናቃኙን ቡድን ጉድለት በሚመዝንበት ሚዛን የራሱንም ሊመዝን ከቻለ፣ የተናገረው ምኞት ሳይሆን ፍርድ መሆኑን ያውቃል።