ጽዋው በውስጡም ይጥራ

የሚነበበው የእግዚአብሔር ቃል፦ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23፥ 25-26።

ጌታችን ፈሪሳውያንን በገሠጻቸው ጊዜ ጽዋን ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። በውጭ ታጥቦ የሚያበራ፣ በውስጡ ግን ንጥቂያ የሞላበት ጽዋ በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ እንዳልሆነ አስረዳቸው። እኛም ዛሬ አንድ ጽዋ ልንመረምር እንወዳለን፤ ይኸውም ንጹሕ የሚባለው፣ ያለ ጢስ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ነው።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነውና፣ በዚህ ስፍራ መኪናው ጢሱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ የሚያጨስ አይደለም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶች፣ በእግራቸውም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ጥቁር ጢስ ከመተንፈስ ቢድኑ፣ ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። አእምሮንና የእጅ ጥበብን የሰጠን ፈጣሪያችን ስለ ሆነ፣ መልካሙን ሥራ ልንነቅፍ አይገባንም።

ነገር ግን የጽዋውን ውስጥ እንመልከት። በዓለም ላይ ከሚወጣው ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ይመጣል። በኮልዌዚ አካባቢ ብዙ ድኾች በእጃቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ተገኝተዋል፤ አፈር ተደርምሶባቸው የሞቱም አሉ። በቺሌ አገር በአታካማ የጨው ሜዳ፣ ሊቲየም ለማውጣት ጨዋማ ውሃ ከምድር በታች እየተሳበ በፀሐይ እንዲተን ይደረጋል፤ ያ ስፍራ ግን ዝናብ እጅግ ብርቅ የሆነበት ደረቅ ምድር ነው። በደቡብ አፍሪካ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ስለሚገኝ፣ ከመኪናው ኋላ የጠፋው ጢስ በኃይል ማመንጫው በኩል ይወጣል። ጎማውም የትም አገር ቢሆን በመንገድ ላይ እየተፋቀ ደቃቅ ብናኝ መበተኑን አይተውም።

ይህን ስንል አሮጌው የነዳጅ መኪና ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ ነዳጅ በየቀኑ እየተቃጠለ አየሩን ያበላሻል፣ ምድርንም ያሞቃል። ኮባልት የሌለባቸው ባትሪዎችም ተሠርተዋል። እኛ የምንለው፣ «ንጹሕ» የሚለውን ስም ከሰማን በኋላ ስለ ባልንጀራችን መጠየቅን እንዳንተው ነው። የኮልዌዚ ልጅ ሩቅ ስለ ሆነ ባልንጀራችን መሆኑ አይቀርምና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። የእንፋሎት ሞተር ተሻሽሎ በጥቂት ከሰል ብዙ በሠራ ጊዜ፣ የከሰሉ ፍጆታ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። ሥራው ሲረክስ ሰው አብዝቶ ፈልጎታልና። ሞተሩ ተሻሻለ፤ ምኞት ግን አልጠገበም። እኛም አንዱ መኪና አያጨስም ብለን ሁለተኛውን ብንጨምር፣ ማዕድኑም መንገዱም ይበዛል እንጂ ምድር አታርፍም።

ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1529 ዓ.ም. በታተመው በትልቁ ካቴኪዝም ስለ ፊተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር፣ ሰው ልቡን የሚጥልበት ነገር አምላክ እንደሚሆንበት አሳየ። እንግዲህ አዲሱ መኪና በደላችንን ያስወግድልናል ብለን ብናርፍ፣ ከብረትና ከሽቦ ጣዖት ሠራን ማለት ነው። ባትሪ ኅሊናን ሊያነጻ አይችልም። ስስታችንን በመስቀል ላይ የተሸከመ፣ የልባችንን ውስጥ በደሙ የሚያጥብ ክርስቶስ ብቻ ነው። እርሱ በጸጋው ካጸደቀን፣ ጻድቃን መስለን ለመታየት መልካም ስም ያለው ዕቃ አያስፈልገንም፤ እውነትን ለመናገርና ባልንጀራችንን ለማገልገል ነጻ ወጥተናል።

ስለዚህ መኪና ያለን ብንሆን ለብዙ ዘመን በጥንቃቄ እንያዘው፤ ባዶ ወንበር ይዘን ከምንሄድ ጎረቤታችንን እናሳፍር። በእግር የሚደረስበትን በእግር እንሂድ። የሚሸጥልንን ሰው ማዕድኑ ከወዴት መጣ ብለን እንጠይቅ፤ ያለቀውም ባትሪ ወደ ወንዝና ወደ እርሻ እንዳይጣል እንጠንቀቅ። ስለ መኪና ጢስ ስንነጋገርም፣ መብራት ገና ያልገባላትን፣ በማገዶ ጢስ ዓይኗ የሚያነባውን የገጠር እናት አንርሳ። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል ወደ እርስዋም ጎጆ ይደርስ ዘንድ እንጸልይ፤ በምንችለውም ሁሉ እንድከም።

ምድርን አደራ የሰጠኸን ጌታ ሆይ፤ ውጫችንን ብቻ አጥበን እንዳንታበይ ጠብቀን፤ ውስጣችንን አንተ አንጻ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንለምንሃለን። አሜን።