ድምፅ በምን ይመዘናል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዜግነት አግኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ስትዘጋጅ ቤቷ የደረሰ አንድ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በስተግራ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባላት ስም ተደርድሯል። ከጎኑ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች አሉ፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ከመቶ የተሰላ ነጥብ። የተማሪ ካርድ ይመስላል። ከላይ በጉልህ ፊደል የተጻፈው ሐሳብ ሲተረጎም «ለሕገ መንግሥቱና ለተገደበ መንግሥት ታማኝ የሆነው ማነው?» የሚል ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ልምረጥ ወይ?»

ክቡራን አንባቢያን፣ ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ 50 ክፍለ ግዛቶች ከ7,300 በላይ ሕግ አውጪዎች አሉ። ትምህርት ቤቱን፣ ፖሊሱን፣ ጋብቻውን፣ ውርሱን፣ የንግድ ፈቃዱን የሚመለከተው ሕግ በአብዛኛው የሚወጣው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ይሁንና የአብዛኞቹን ስም መራጩ ሕዝብ እንኳ አያውቅም። የፖለቲካ ማኅበራት የነጥብ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የጀመሩት ስለዚህ ነው። የወግ አጥባቂዎቹ ኅብረት ከ1971 ጀምሮ የኮንግረስ አባላትን በነጥብ ሲመዝን ኖሮ በኋላ ወደ ክፍለ ግዛቶች ወርዷል። በ1947 የተቋቋመው የለዘብተኞቹ ማኅበርም የራሱ ሚዛን አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ተመራጭ በንግግሩ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ጥፋተኛ የሚባል ባልተገኘ ነበር። በመድረክ ላይ ሁሉም የነፃነት ጠበቃ ነው። እጁን ሲያወጣ ግን ድምፁ ተመዝግቦ ይቀራል። በተግባሩ ይጠየቅ መባሉ ፍትሕ ነው፤ ሙስሊም ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ችግሩ ሚዛኑን የያዘው እጅ ላይ ነው። በመጀመሪያ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ ኮንግረስ ሥልጣኑን ቆጥሮ ሰጥቶታል፤ ያልተሰጠውን ማድረግ አይችልም። በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ የቀረውን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶች ወይም ለሕዝቡ ትቷል። ስለዚህ ኮንግረሱ «የትኛው አንቀጽ ፈቀደልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ግን የሚጠየቀው «የትኛው አንቀጽ ከለከለህ?» ተብሎ ነው። የክፍለ ግዛቶቹ የራሳቸው ሕገ መንግሥቶች ምክር ቤቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን እንዲያቋቁም ያዝዛሉ። እንግዲህ ለትምህርት በጀት እጁን ያወጣውን ሰው «ሕገ መንግሥቱን ጣሰ» ብሎ መቀነስ ማስቀመጥ ምን ይባላል? በጀቱ በዝቷል ማለት ይቻላል፤ ክርክሩ ሕጋዊ ነው። የራስን ምርጫ በሕገ መንግሥት ስም መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሚቆጠሩት ድምፆች አመራረጥ ነው። ምክር ቤቱ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፆችን ይሰጣል፤ ሠንጠረዡ ላይ የሚወጡት ጥቂት ናቸው። የቀሩትስ?

ኦክላሆማን እንውሰድ። በ2010 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ሐሳብ በከፍተኛ ድምፅ አጽድቆ ለሕዝብ አቀረበ። ሐሳቡ ፍርድ ቤቶች ሸሪዓን ከግምት እንዳያስገቡ በስም ጠርቶ የሚከለክል ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ከመራጩ ሕዝብ 70 ከመቶ ገደማው ደገፈው። ለመሆኑ የትኛው የኦክላሆማ ፍርድ ቤት በሸሪዓ ፈርዶ ነበር? የሐሳቡ ደጋፊዎች በችሎት ፊት አንድም ምሳሌ ማቅረብ አልቻሉም። አንድ ሙስሊም ነዋሪ ግን ኑዛዜዬ ሸሪዓን ስለሚጠቅስ ፍርድ ቤት አያስፈጽምልኝም፣ መንግሥት ሃይማኖቴን ለይቶ አወገዘብኝ ብሎ ከሰሰ። የፌዴራል ዳኛዋ ማሻሻያውን አገደች። በጥር 2012 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አጸና፤ በነሐሴ 2013 ማሻሻያው ለዘለቄታው ተሻረ።

ይህ ድምፅ በሠንጠረዡ ላይ መደመር ነው ወይስ መቀነስ? አንዱ መዛኝ «ሕገ መንግሥቱን ከባዕድ ሕግ ጠበቀ» ብሎ ይደምርለታል። መንግሥት የአንድን ሰው ኑዛዜ ከሃይማኖቱ የተነሳ እንዳይነካ መከልከል የተገደበ መንግሥት ዋና ትርጉሙ ካልሆነ፣ ቃሉ ምን ቀረለት?

በሉዊዚያና ደግሞ በዚያው በ2012 የሆነውን እንይ። ለግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የመንግሥት ገንዘብ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ የደገፉ አንዲት የምክር ቤት አባል፣ ገንዘቡ ለእስላማዊ ትምህርት ቤትም ሊደርስ እንደሚችል ሲረዱ መደገፋቸው እንደጸጸታቸው በአደባባይ ተናገሩ። ሠንጠረዥ ነይያን አያይም፤ የእሳቸው ነይያ የታወቀው ራሳቸው ስለተናገሩት ብቻ ነው። ሳይናገሩ የቀሩትን ማን ያውቃል?

ነገር ግን እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። የኦክላሆማው ፍርድ ሲሰማ ደስ ያለን ለሕገ መንግሥቱ ብለን ነው ወይስ ለእኛ ስለተፈረደ? ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ሚዛን፣ እኛ ቁጥራችን በሚበዛበት ቦታ የእኛን ውሳኔ ቢሽር ምን እንላለን? እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም።

ለዚህ ነው የአክስቴ ልጅ ስለምትኖርበት ሜሪላንድ የድሮ ታሪክ የነገርኳት። በ1776 የወጣው የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ሹመት የሚይዝ ሰው በክርስትና ማመኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድድ ነበር። በዚያ ዘመን የፌዴራሉ የመብቶች ድንጋጌ ክፍለ ግዛቶችን አያስርም፤ ስለዚህ የሚከለክላቸው አልነበረም። በ1818 ቶማስ ኬኔዲ የተባለ የምክር ቤት አባል፣ ራሱ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ አይሁዶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ይውጡ ብሎ ተነሳ። በመረጠው ወረዳ አይሁድ አልነበረም፤ እሱም በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድም አይሁድ እንደሌለ ተናግሯል። ታዲያ ምን ሊያተርፍ? ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ሐሳቡ ከምርጫ በኋላ በሚመጣው ምክር ቤት እንደገና መጽደቅ ነበረበትና፣ በ1823 ምርጫው ራሱ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሆነ። ኬኔዲ መቀመጫውን አጣ። በኋላ ተመልሶ ተመረጠና በ1826 ሕጉ ጸደቀ። ሕጉ የጠቀመው አይሁዶችን ብቻ ነው፤ ሙስሊሙ ገና አልተቆጠረም። በእግዚአብሔር ማመንን የሚጠይቀው የቀረው ግዴታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1961 ነው።

ጎረቤቷ ቨርጂኒያ ከዚያ ቀድማ ነበር። በ1786 የሃይማኖት ነፃነት ሕጓን ስታወጣ የኢየሱስ ክርስቶስ ስም በመግቢያው ላይ ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በብዙ ድምፅ ወደቀ። ረቂቁን የጻፈው ጄፈርሰን በኋላ በሕይወት ታሪኩ እንዳስረዳው፣ ይህ የሆነው ጥበቃው አይሁዱን፣ ሂንዱውን፣ ሙስሊሙንም እንዲያካትት ታስቦ ነው። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ግን ባሪያ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ጄፈርሰን ራሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱት መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አረጋግጠዋል። በወረቀት ላይ ለሙስሊሙ ሕሊና ነፃነት የሰጠው ሕግ እርሻ ላይ በሰንሰለት ያለውን ሙስሊም አልነካውም። እነዚህን ሰዎች በአንድ ቁጥር ምዘኑ ብንባል ስንት እንሰጣቸዋለን?

ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ የአክስቴ ልጅ ትዕግሥቷ አለቀ መሰለኝ፣ «ታዲያ ወረቀቱን ልጣለው?» አለችኝ።

አትጣይው፣ ነጥቡን ትተሽ ከሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን ሕጎች አንብቢ አልኳት። የምትደግፊው ሰው የራሱን መራጮች አስቀይሞ የሰጠው ድምፅ ካለ ፈልጊ፤ ለማይመርጡት ሰዎች ሲል እጁን ያወጣበትን ቀን ፈልጊ። ማታ ደወለች። ብዙዎቹ ስለ ቀረጥ፣ ጥቂቱ ስለ ጦር መሣሪያ ናቸው። ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ተከሳሽና ስለ እስረኛ መብት የተሰጠ አንድም ድምፅ አልተቆጠረም። ዝርዝሩን ከምክር ቤቱ መዝገብ ፈልጋ ልታመጣ ነው፤ እኔም እየጠበቅኋት ነው።