ሳይቃጠል በቅጠል

ልጆቼ፣ ኩራዝን የምነቅፈው ውለታዋን ረስቼ አይደለም። ስንቱ ፊደል የቆጠረው፣ ስንቷ እናት ከምጥ የተገላገለችው በእሷ ብርሃን ነው። ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዳይሆንብን እሰጋለሁ።

«ጭስ መውጫ አያጣም» ትላላችሁ። የማገዶ ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው በሩን ይከፍትለታል። የኩራዝ ጭስ ግን ቀጭን በመሆኑ ይናቃል፤ በሩ እንደተዘጋ አብሮን ያድራል። ጠዋት የልጁን አፍንጫ በነጭ ጨርቅ ጥረጉትና ጨርቁን እዩ። ግድግዳውስ በአመድ ይለቀለቃል፤ ሳንባን ማን ይለቀልቀዋል? መስታወት የሌላት የቆርቆሮ ኩራዝ ከምታነደው ላምባ ከመቶ 7 እስከ 9 እጁን ጥላሸት አድርጋ እንደምትተፋው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላምባ ቤት ውስጥ ባይነድ ይሻላል ብሏል።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ተማሪው ነው። ብርሃኗ አልበቃው ሲል ፊቱን ወደ ነበልባሉ ያስጠጋል፤ ቤተሰቡም «ጎበዝ፣ ያጠናል» ብሎ ደስ ይለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይኸው ነው፤ ዕውቀት ስንመኝለት እስትንፋሱን እንነሳዋለን። ሳሉ ሲበረታ ደግሞ «ብርድ መታው» እንላለን።

ዛሬ የፀሐይ መብራት ገበያ ላይ አለ፤ ዋስትና ያለውን ምረጡ። ዋጋው ከከበደ በየሳምንቱ ለላምባ የምታወጡትን ደምሩት፣ በእድራችሁም ተመካከሩበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። እስከዚያው ክሩን አሳጥሩ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ስትተኙ አጥፉ። ሽታው የተለየባችሁን ላምባ ኩራዝ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቤንዚን ከተቀላቀለበት ይፈነዳል፣ ቤትም ሰውም ያቃጥላል።

አንድ ነገር አደራ። ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣም ጣታችሁን ጉሮሮው ከትታችሁ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ይጎዳዋል። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ዘንድሮ ዕቁብ የሚደርሳችሁም ከበዓሉ በግ በፊት የፀሐይ መብራቱን ግዙ።